አባቴና የአሜሪካ ቆላ

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ባለቤቴንና የሰባት ዓመት ልጃችንን ይዤ አባቴ ቤት ሄድኩ። ቤቱ ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ዲቪ ደርሶናል፣ ቪዛውም ተመቷል፣ የቀረን የአባቴ ምርቃት ብቻ ነው... ብዬ ነበር የማስበው።

ከተማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ወር ሙሉ ያልመከረኝ ሰው የለም። የአክስቴ ልጅ «ሲያትል ና» ይላል፣ አብሮ አደጌ ደግሞ «ከዳላስ ውጪ እንዳታስብ» ይላል። ራስ ደጀን ባለበት ፓርክ ውስጥ አስጎብኚ ስለሆንኩ ሳንቃ በር ካምፕ ይዣቸው የወጣኋቸውን አሜሪካኖች ሁሉ ስለ ከተማቸው ጠይቄያለሁ። የሚገርመው፣ ሁሉም የራሱን ከተማ አምቶ የሌላውን ነው የሚያሞግሰው።

እኔ ግን ውሳኔ ላይ ቸግሮኝ አያውቅም። ዴንቨር አልኩ። የባለቤቴ እህት እዚያ አለች፣ ዙሪያው ተራራ ነው፣ ተራራ ባለበት ደግሞ እኔ ሥራ አላጣም። አለቀ።

አባቴ የጠላ ዋንጫቸውን ይዘው ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ ስለ ሥራም ስለ ቤትም አልነበረም።

«አገሩ ደጋ ነው ቆላ?»

ደስ አለኝ። ከፍታ ማለት የኔ እንጀራ ነው። እያንዳንዱን ተራራ በሜትር ነው የማውቀው። «አባየ፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከፍታዋን የሚያወሩላት ከተማ ናት» አልኳቸው።

«ከደባርቅ ትበልጣለች?»

«አይ... ከደባርቅ እንኳ ዝቅ ትላለች።»

«ከዳባትስ?»

«ከዳባትም ትንሽ ዝቅ ትላለች።»

«እኮ ማንን ታህላለች?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። ግን ባለሙያ ነኝ ብዬ ከአፌ አመለጠኝ። «አዲአርቃይን ታህላለች።»

አባቴ ዋንጫውን መሬት አስቀመጡት።

ለማታውቁት፣ አዲአርቃይ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደው የሚያገኟት ከተማ ናት። ለኛ ለደባርቆች ሊማሊሞን የወረደ ሁሉ ቆላ ገብቷል። የአዲአርቃይ ልጆች አትቀየሙኝ፣ እኔ የአባቴን ሐሳብ ነው የማወራው።

«ሌሎቹ ከተሞችስ?» አሉኝ።

«ሌሎቹማ ከሷም ይብሳሉ። ሲያትል ባሕር ዳርቻ ላይ ናት።»

በረዶ የለበሰ ሰፈር ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩና «ይኼማ የኛው ራስ ደጀን ነው» ብለው መለሱልኝ። ቤቶቹን በጣቴ ባሳያቸውም አልተቀበሉኝም።

ከዚያ ቀስ ብለው ያልጠበቅኩትን ነገር ተናገሩ። «እናንተ ትልልቆች ናችሁ፣ ወባውንም ትችሉት ይሆናል። ልጅቷን ግን እዚሁ ተውልኝ።»

ባለቤቴ ቀና አለች። «አባየ፣ ልጄን ትቼማ አልሄድም። ሳይመርቁንም አልሄድም።» እሷ አልሄድም ካለች አትሄድም። አሥር ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን ሳላውቅ አልቀርም። የአሜሪካ መንገዳችን እዚያች መደብ ላይ ሊያልቅ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«አባየ፣ ወባ እኮ እዚያ የለም...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ታላቅህ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ሲወርድ፣ በል ይቅናህ አልሁት እንጂ አገሩ እንዴት ነው ብዬ አልጠየቅሁትም።»

ወንድሜ ሁመራ ወርዶ በወባ እዚያው ቀርቷል። በቤታችን ስሙ እምብዛም አይነሳም። ያን የተናገሩት ዓይናቸውን ልጄ ላይ አድርገው ነው።

ያዳነችን ባለቤቴ ናት። ስልኳን አወጣችና ዴንቨር ላለችው እህቷ ደወለች። እዚያ ገና አልነጋም፣ ከእንቅልፏ ነው የቀሰቀስናት። አባቴ ስልኩን እንደ ዋንጫ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ልጄ፣ ያገሩ ገበሬ ምን ያበቅላል?»

ምስኪን፣ አየር ማረፊያ ነው የምትሠራው። ዴንቨር ከገባች ገበሬ አይታ ስለማወቋ እጠራጠራለሁ። «ቆይ አባየ፣ ባለቤቴን ልጠይቀው» አለች። ከአልጋው ወዲያ ማዶ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«ገብስ አለ በያቸው። ቢራ የሚጠምቁት በምን ሆነና?»

አባቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ስንዴስ?»

«ስንዴም ሞልቷል።»

«ሰሊጥስ?»

«ሰሊጥ እንኳ አላየሁም፣ አባቴ።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ገብስ በቅሎ ሰሊጥ ከሌለ ደጋ ነው» አሉና ስልኩን መለሱላት። ሜትሬን ማንም አልጠየቀኝም።

ቆመው መረቁን። «ውጡ፣ ግቡ። ከደግ ሰው ያገናኛችሁ። ልጄን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልኝ።» አሜን ስንል ባለቤቴ ታለቅስ ነበር፣ እኔም ቀላል አልነበርኩም። ልጅቷ ብቻ እንጀራዋን ትበላለች።

ሊሸኙን እስከ መንገዱ ወጡ። ባለቤቴና ልጄ ቀደም ቀደም ሲሉ አባቴ ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ።

«እንግዲህ ሄዳችሁ ስታዩት ቆላ ሆኖ ብታገኙት...» አሉኝ።

«እሺ አባየ።»

«ለኔ ደጋ ነው በለኝ።»

እሺ አልኳቸው። ስለዚህ ወገን፣ ዴንቨር ደጋ ናት። አይደለችም የምትሉ ኮመንት ላይ እንዳትጽፉ፣ አባቴ ባያነቡም ጎረቤት ያነባል።