የቀትር ዘብ

የያዙኝ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው የካርቱም ገበያ ሚኒባስ ስጠብቅ ነው። በእጄ ያለው አንድ ፌስታል ቲማቲም ብቻ ነበር። ሲቪል የለበሰው ሰውዬ ስሜን ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ "ያላ፣ አርከቢ!" ብሎ የፒክአፑን በር ከፈተልኝ፤ ቲማቲሙንም ራሱ ተቀብሎ ጫነው። ይብላው ይጣለው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወንጀሌ ስደተኞች የሚሰበሰቡበት ቤት ገብቼ ስለ አገሬ ፖለቲካ መናገሬ ነው። በጦርነቱ ታጋይ ነበርኩ፤ ከድሉ በኋላ ከጓዶቼ ጋር ተጣልቼ ካርቱም ገባሁ፤ እዚያም አፌ አላርፍ አለኝ።

ያሰሩኝ ክፍል የቆርቆሮ ጣሪያ ስለነበረው ቀትር ላይ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ይግላል። ላብና የፀጉር ቅባት ይሸታል። ያገኘኋቸው ሴቶች ሁሉም ሐበሾች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ወረቀት የላችሁም ተብለው ካፉሪና ሪያድ ከሚባሉት የካርቱም ሀብታም ሰፈሮች ቪላዎች የተለቀሙ የቤት ሠራተኞች። አንዷ ግን ጫማዋን እንዳሰረች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች። የቀድሞው ጦር የሬዲዮ ኦፕሬተር እንደነበረችና መንግሥት ሲለወጥ ድንበር ተሻግራ እንደመጣች አጠገቤ የምትተኛው የወሎ ልጅ ነገረችኝ። እኔ ታጋይ መሆኔን አልተነፈስኩም። ከእሷ ጦር ጋር ስዋጋ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ይህን ማውራት ለማን ይበጃል?

በማግስቱ ቀትር ላይ ዳቦ የሚያመጣልን መኪና መጣና የግቢው ብረት በር ጓ ብሎ ተዘጋ። ሴትዮዋ "መሬት ያዙ!" ብላ ጮኸች፤ እኔንና የወሎዋን ልጅ ማጅራታችንን ይዛ ወለሉ ላይ ደፋችንና በላያችን ተጋደመች። ልቧ ጀርባዬ ላይ ሲደልቅ ይሰማኝ ነበር።

የወሎዋ ልጅ እንደተነሣች "ወላሂ ጅን ነው!" ብላ ቁርኣን ትቀራባት ጀመር። አንዲት የጎንደር ሴት ደግሞ "የምን ጅን፣ ዛር ነው እንጂ!" ብላ ጥግ ካለው ጋን ውሃ በጣሳ ቀዳች፤ አባታችን ሆይን ደግማበት ከአናቷ ላይ ቸለሰችባት። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ተሻሟት። እሷ ፊቷን ጠረገችና፣

"ጨረሳችሁ? እግዜር ይስጥልኝ፣ ሙቀቱ ለቀቀኝ" አለች።

በሳቅ ፈረስን። ሻዊሽ የምንላት ሱዳናዊት ጠባቂ ግን አልሳቀችም። በበሩ ፍርግርግ ብቅ ብላ "ዲ መጅኑና!" አለች፤ ይቺ እብድ ናት ማለቷ ነው። አንዴ ደግማ ከጮኸች ብቻዋን ዚንዛና እንደምትገባ ነግራን ሄደች። ዚንዛና የሚሏት ከጄኔሬተሩ ጀርባ ያለችውን መስኮት የለሽ ክፍል ነው።

ሴትዮዋ መንቀጥቀጥ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ቆይቶብሻል እትዬ?"

"ከጦር ሜዳ ጀምሮ። ቀትር ላይ ደክሞን ተኛን። ዘቡንም እንቅልፍ ጣለው። የነቃሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

የእኛ ሰዎች ሥራ እንዳይሆን ብዬ ቦታው የት እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ።

"እኅቴ፣ ብቻዬን ካስገቡኝ በቃ አብዳለሁ" አለችኝ። "እዚህም ቢሆን እያት፣ ሁሏ ተጋድማለች። አንድ እንኳ የሚጠብቅ የለም።"

እኔም ከበረሃ ከወጣሁ በኋላ ኮረብታ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ መሸሸጊያ ይፈልጋል፤ የምትለው ወለል ብሎ ገባኝ። ተነሥቼ በሩ ጋ ቆምኩ።

"ተረኛዋ እኔ ነኝ። አንቺ ዕረፊ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ርክክብ እንዲህ ነው እንዴ?" ብላ ተነሣች። ቀሚሷን አስተካክላ ቦታውን በደንቡ አስረከበችኝ፦ የሻዊሿ ኮቴ የቱ እንደሆነ፣ ጄኔሬተሩ ከመነሣቱ በፊት እንዴት እንደሚያስነጥስ፣ የዳቦው መኪና በየት እንደሚገባ። ከዚያ ጫማዋን ፈትታ ጋደም አለች። ብዙም ሳትቆይ አንኮራፋች፤ ጉድ ነው፣ ምን ዓይነት ማንኮራፋት!

የወሎዋ ልጅ ስታየኝ ቆይታ "እኔስ ተራ የለኝም?" አለች። ከዚያ ወዲያ በየቀትሩ ዘብ ሆንን። የጎንደሯ ሴት ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ፊቷን እንደ ጄኔራል አኮሳትራ ስትቆም ሳቃችንን የምናፍነው በመከራ ነበር።

አንድ ቀን ተረኛዋ የወሎዋ ልጅ ሆና በሩ ጓ አለ። ሴትዮዋ ብድግ አለች። ልጅቷ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣

"ዳቦ ነው እትዬ፣ ዳቦ ነው። አለሁ እኔ፣ ተኚ" አለቻት።

ተመልሳ ጋደም አለች። ሻዊሿ ጩኸት ጠብቃ ፈጥና መጥታ ነበር። ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በዐረብኛ "ናይማ" አለቻት፤ ተኝታለች ማለቷ ነው። ሻዊሿ ሴትዮዋን ትንሽ አየቻትና ዳቦውን በቀስታ በፍርግርጉ አቀበለችን። ስለ ዚንዛና ዳግም አላነሣችም።

ከሁሉም ቀድሜ የተፈታሁት እኔ ነኝ። ልሰናበታት ሳቅፋት በጆሮዬ፣

"ከዚያኛው ወገን እንደሆንሽ አውቃለሁ" አለችኝ።

"በምን አወቅሽ?"

"ዳቦውን እኩል ቆርሰሽ የራስሽን መጨረሻ ነው የምታነሺው። ተማርኬ ሳለሁ ያበሉኝ የእናንተ ሰዎች እንዲሁ ነበሩ።"

"ታዲያ እያወቅሽ እንዴት እኔን ዘብ አቁመሽ ተኛሽ?"

"እያወቅሁ ነዋ!" አለች እየሳቀች። "እናንተን ተኝታችሁ ለማግኘት ስንት ዓመት ለፋን! መቼ ትተኙና!"

ዛሬ ሐኪሞች ለዚህ ሕመም ስም አላቸው፤ መድኃኒትም ይሰጡበታል፣ እኔም እወስዳለሁ። ስለዚያ ጦርነት ምስጋናም ስድብም ጠግቤ ሰምቻለሁ፤ እንደ እሷ ያከበረኝ ሰው ግን የለም። የት እንደደረሰች አላውቅም። ትናፍቀኛለች። የትም ትሁን፣ ቀትር ላይ አጠገቧ ነቅቶ የሚቆምላት ሰው አይጥፋ።