ተረከዝና ሳል

ታላቅ እህቴን ቤተሰቡ ሁሉ እታለም ነው የሚላት። ስልክ በሰው እጅ በሚገናኝበት ዘመን የሥራ ዕድሜዋን የጨረሰችው በማዞሪያ ክፍል፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ ገመድ ስትነቅልና ስትሰካ ነው። ድምፅዋን የማያውቅ የከተማው ሰው አልነበረም፤ መልኳን ግን ከሰፈራችን ውጭ የሚለይ አልነበረም።

የዚያ መሥሪያ ቤት ደንብ ለወንድ ክራባትና የተላጨ አገጭ፣ ለሴት ጥቁር ጉርድ፣ ስቶኪንግና ባለ ተረከዝ ጫማ ያዝዝ ነበር። ማን ሊያያችሁ ነው ብዬ ጠየቅኋት፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ጀማምሬ ነበር። አለቃቸው «ተረከዝ ያደረገች ሴት ድምፅዋም ይቃናል» እንደሚል ነግራኝ ሳቀች። ስትስቅ እግሯን ጨው ባለበት ሙቅ ውሃ ዘፍዝፋው ነበር።

የማታ ተረኞቹ ወንዶች ናቸው። የእነሱ ክራባት፣ አንድ ለሁሉም፣ ቋጠሮው ሳይፈታ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይውላል፤ አለቃ የጠራው ያጠልቀውና ሄዶ ሲመለስ ይሰቅለዋል። አንዱ ደንብ ለአንዱ ምስማር ላይ ሲውል ለሌላው አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ የተረዳሁት ከመጻሕፍቱ አይደለም።

ሴቶቹም ታዲያ ዘዴ አላጡም። ቁጭ እንዳሉ ጫማቸውን አውልቀው በእግራቸው ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋ ያደርጉታል። አለቃው፣ እሱ በሌለበት ሴቶቹ «ጋሽ ቀጥበል» የሚሉት፣ ኮቴው አይሰማም። እታለምን ሁለቴ ባዶ እግሯን ይዟታል፤ ከደገመች ወንበሩን ለሌላ እንደሚሰጠው ነግሯታል። አባታችን ካረፈ ወዲህ የእናታችን መድኃኒትም የእኔም ትምህርት የቆመው በዚያች ወንበር ላይ ነበር።

አንድ ቀን በሩ ሳይታሰብ ተከፈተ። ጋሽ ቀጥበል ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዳ አስከትሎ ገባ። ሴቶቹ ብድግ እያሉ እግራቸው ያገኘውን አጠለቁ። እታለም በግራዋ የራሷን ጥቁር፣ በቀኟ የጎረቤቷን ቡናማ አድርጋ፣ የቡናማው ተረከዝ አጠር ስለሚል ዘመም ብላ ቆመች።

አለቃው ፊቷ መጥቶ ቁልቁል አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጫማ ነው ጋሼ።»

«የማን?»

«ልውጣ ካሉኝ እወጣለሁ» አለች እህቴ። «አንዱን ግን ለባለቤቷ ልመልስላት።»

እንግዳው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አለቃው ዓይኑን በረድፉ ላይ ወሰደ፤ ቀይ ከጥቁር፣ ሰፊ ከጠባብ፣ የገጠመለት እግር አልነበረም። እሷን ካባረረ ሁሉንም ማባረር ሊኖርበት ነው። የጥሪ መብራቶቹ ደግሞ ብልጭ ድርግም እያሉ ነበር።

«ሰው እየጠበቀ ነው» አለ በመጨረሻ፤ «ተቀመጡ።»

ደንቡ አልተነካም፤ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ኖረ። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ጋሽ ቀጥበል ሳል ያዘው። መተላለፊያው ላይ ሁለቴ ይስላል፣ ቆም ይላል፣ ከዚያ በሩን ይከፍታል፤ ሴቶቹንም በየጫማቸው ያገኛቸዋል። ሰው ሕግን መሻር ሲያቅተው እንዲህም አድርጎ ይምራል። ጡረታ ሲወጣ አዋጥተው አንድ ማሰሮ ማር ሰጡት፤ «ለሳልዎ» ብለው። ማሰሮውን ሲያገላብጥ ቆየና፣ እሱ እንኳ ዛሬ ይተወኛል አላቸው።

ማዞሪያው ከፈረሰ ቆየ። ጋሽ ቀጥበልም የለም። ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ደጃፏ ላይ ሳሌ አመለጠኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣለች፤ እግሮቿ ወለሉን በጥድፊያ ይዳብሳሉ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ፣ እግሯን መልሳ እየዘረጋች።