ጨው የላሰች አጋዘን

«ማሚ፣ ሙሱ የፈለገው እኮ ጨው ብቻ ነው። ሶ ለምን ያባርሩታል? ሚን ናቸው!»

ልጄ ይህን የጠየቀችኝ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከምሠራበት ሱቅ ወጥተን፣ በፒኮ መስመር አውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ ነው። በስልኬ ቪዲዮ ታያለች። ሙስ የሚሉት የበረዶ አገር አጋዘን ነው፤ ቁመቱ ከፈረስ ይበልጣል፣ ቀንዱ እንደተዘረጋ መዳፍ የሰፋ ነው። በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የተበተነው ጨው መኪና ላይ ሲረጭ እሱን ሊልስ ይመጣል፤ ሰዎቹም ክላክስ እየነፉ ያባርሩታል።

«ክፉስ አይደሉም፣ ደጎች ናቸው» አልኳት። «ኖ ዌይ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ልጅ ሳለሁ ባሌ ደጋ ላይ ነበርን። ማታ ማታ የጥዱ እንጨት እየጨሰ፣ ኩራዙ እየተርገበገበ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምሴ ተረት ይነግሩን ነበር። ከሁሉ የምወደው የአጋዘኗን ነው። ጅብ ሲያሳድዳት ወደ ሰው ደጅ ሮጠች፤ የቤቱ ጌታም ጨው አልሶ «የተጠጋ አይነካም» ብሎ ማለላት። እውነትም ያኔ አጋዘኖች ሲመሽ ጅቡን ፈርተው ከጫካው ይወጡና አጥራችን ሥር ያድሩ ነበር። አንዲቱ፣ ግልገል ያላት፣ ዓይኖቿ መሐል ነጭ መስመር ያለባት፣ ክረምቱ ሳይወጣ ከእጄ ጨው መላስ ጀመረች። ጨውን የሚሰጡኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። «አልሺያት፣ ቤተሰብ ናት» ይሉኛል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጨው ሰጥተውኝ «ጥሪያት» አሉኝ። ጠራኋት። ሻካራ ምላሷ መዳፌን እየኮረኮረኝ ስስቅ ከኋላዬ ጠመንጃ ጮኸ።

«የተጠጋ አይነካም ብለው አልነበር?» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«እሱማ ተረት ነው፣ አንቺ ሞኝ!»

ማታ በዚያው እሳት ዙሪያ ሥጋው ለእንግዶቻቸው ቀረበ። አልበላም ስል «ዛሬ ደግሞ የምን ጾም ገባ?» ብለው አሳቁብኝ። ከዚያ አጥንቱን እየጋጡ፣ «ነገ ግልገሏን ትጠሪልኛለሽ» አሉ።

ዛሬ ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ፤ ስማቸውንም በጸሎቴ እጠራለሁ። ከልቤ ይቅር ማለቴን ግን እግዜር ነው የሚያውቀው። የሚገርመኝ፣ ተረቱን አሁንም እወደዋለሁ። ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ነገርኳት፣ የጠመንጃውንም ሳልደብቅ። ስልኩን አጠፋችው።

«ቤቢዋስ?» አለችኝ በኋላ፣ ቀስ ብላ።

በነጋታው ጋሽ ደምሴ ሳይነሱ ማልጄ ወጣሁ። ግልገሏ አጥሩ ሥር ቆማለች። ስታየኝ አንገቷን ወደ መዳፌ ዘረጋች። የያዝኩት ድንጋይ ነበር። ወረወርኩባት። ትንሽ ሸሽታ ዞራ ስታየኝ፣ እያለቀስኩ ደግሜ ወረወርኩባት፤ ጫካው እስኪውጣት ድረስ።