የዳዊት ማስታወሻ ጎፋ ላይ ተነበበ

እሑድ ከሰዓት ጀሞ ቤታችን ቁጭ ብለን ዳዊት የታሪክ ትምህርት ማስታወሻ በቃሉ እያለ ደብተር ላይ ያስጽፈኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው... ነበር። አንቀጽ ባለቀ ቁጥር «ድገምልኝ» ይለኛል፤ አነብለታለሁ። ስዘገይ ደግሞ «አንተ፣ ታክሲ እየጠበቅህ ነው?» ብሎ ይስቅብኛል።

ማስታወሻው ለጓደኛው ለራሄል ነው። እሷም አታይም፤ ስልኳ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብላታል። ትምህርት ቤት የሰጣት ማስታወሻ ግን ፎቶ የተነሣ ገጽ ስለሆነ ስልኩ «ምስል» ብሎ ዝም ይላል። ፈተናዋ ደርሷል።

«ነገ አስተይበን እናደርስላታለን» አለኝ ዳዊት። ሰኞ በድንገት ታመመ። ከሆስፒታል አልተመለሰም።

ጠዋት፣ ከጀሞ

የለቅሶው ድንኳን እንደተነሣ ደብተሩን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አስተየብኩ፤ በፍላሽ ይዤ ወጣሁ። ረዳቱ «ጎፋ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ ታክሲው ግማሹ ባዶ ነው። ላፍቶ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ጥቁር ልብሴን አይተው «እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉና ከተጠበሰው በቆሏቸው ገምሰው ሰጡኝ።

ጎፋ

የራሄል እናት እትዬ አስቴር በር ላይ እንዳዩኝ አለቀሱ። ራሄል ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ስልኳ አስተላልፋ ከፈተች። ስልኩ የማይገባ ነገር ይለፈልፍ ጀመር።

«ጠበል የነካው ሰው መሰለ እኮ!» አለች ራሄል።

«ኧረ አማርኛ ነው፤ ይኸው አየዋለሁ!» አሉ እናቷ።

«ለአንቺ ዓይን ነዋ እማዬ። በድሮው የኮምፒውተር ፊደል ነው የተየቡት። ሲያዩት አማርኛ ነው፤ ስልኬ የሚያገኘው ግን የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው።»

ደግነቱ ደብተሩን ይዤ ነበር። በእነሱ ላፕቶፕ፣ ስልኩ በሚያውቀው ፊደል፣ እንደገና መተየብ ጀመርኩ።

«ርዕሱን ማድመቅ ብቻ አይበቃም፤ ከላይ ካለው ዝርዝር «ርዕስ» የሚለውን ምረጥለት። አለበለዚያ ከምዕራፍ ምዕራፍ መዝለል አልችልም» አለችኝ ራሄል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረስኩ። ስልኩ የዳዊትን ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ አነበበ። ራሄል ጣቷን እያንሸራተተች ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ፣ ወደ መጨረሻው ዘለለች፣ ተመለሰች። «ዳዊትዬ! ደረሰኝ!» ብላ አጨበጨበች። ጠዋት ያለቀሱት እትዬ አስቴር እልል አሉ። እኔም... ሳቅኩ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

ጀሞ፣ ቤት

ስመለስ በታክሲው መስኮት ላፍቶን እያየሁ አንድ ነገር ገባኝ። ጽሑፍ አለቀ የሚባለው ለዓይን ሲያምር አይደለም፤ በጆሮ ሲፈተን ነው። ለካ ዳዊት በየአንቀጹ ሲያስነብበኝ ይህን ሲያደርግ ኖሯል።

በማግስቱ ጠዋት ራሄል የሰጠችኝን፣ እሱም ፎቶ የተነሣ የጂኦግራፊ ገጽ ስልኬ ላይ መተየብ ጀመርኩ። አንደኛው አንቀጽ ሲያልቅ ዓይኔን ጨፈንኩና ስልኬን «ድገምልኝ» አልኩት።