የጫልቱ ቀኝ ጆሮ

ባለፈው ሐሙስ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ የልጆች ፊልም ያሳይ ነበር። እናቶቻቸው ጭን ላይ የተቀመጡ ሕፃናት አንጋጠው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ አንዲት ቃል ሳይሰሙ ያያሉ። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬን ሲወጋኝና እነዚያን ፊቶች ሳይ ጫልቱ ትዝ አለችኝ። ጫልቱም ቴሌቪዥን የምታየው እንዲህ ነበር።

ልጆች ሳለን ኮልፌ፣ በእኛ መንደር ቴሌቪዥን የነበረው ልብስ ሰፊው ጋሼ ደምሴ ቤት ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጆች ፕሮግራም ሲደርስ ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ በራፉ ላይ ቆመው እግራችንን ይመረምራሉ፤ ጭቃ የረገጠ ወደ ቧንቧው ይመለሳል። ያለፍነው ጫማችንን ደርድረን እንገባና ጋሼ ደምሴ ጥልፍ ያለበትን ጨርቅ ከቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሙሽራ እንደሚገልጥ ሰው ቀስ ብለው ሲያነሱት ትንፋሻችንን ውጠን እናያለን። ጫልቱ ሁልጊዜ ከሁላችን ፊት ናት፤ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም አይቀረው። «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ይጠፋል፣ ራቅ በይ!» ይሏታል ጋሼ ደምሴ፤ አትነቃነቅም። ግትር ናት እንል ነበር። ለካ አልሰማቻቸውም።

ጫልቱና እናቷ አዴ ሎሚ እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አዴ ሎሚ ወተት በየቤቱ እያዞሩ የሚሸጡ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው የሚቆጡ፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚያባብሉ ሴት ነበሩ። ልጅቷ ሁለቱም ጆሮዎቿ መግል ማውጣት ከጀመሩ ቆይቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያዘዘውን አድርገዋል፣ ጤና አዳም ጨምቀው አንጠብጥበዋል፣ ዘይት አሙቀዋል። ጤና ጣቢያም ሁለት ጊዜ ወስደዋት፣ የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌ አምጪ ተብለው ተመልሰዋል። ቀበሌው ደግሞ ነዋሪ አይደለሽም ብሏቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ፕሮግራሙን የምትመራው ሴት ነጭ ጋወን የለበሰች ሐኪም ጋበዘች። ሐኪሟ ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ ቶሎ ካልታከመ ሊደነቁር እንደሚችል፣ የታመመ ልጅ ሁሉ ደግሞ መታከም መብቱ እንደሆነ ነገረችን። ሁላችንም ዞረን ጫልቱን አየናት። እሷ ግን የሐኪሟን ረጅም ጉትቻ እያየች ትስቃለች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ሰባት ሆነን ጫልቱን መሃል አስገብተን ጤና ጣቢያው ሄድን። ካርድ ክፍል መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ የቀበሌ ወረቀት ጠየቀን።

«ወረቀት የላትም፤ መታከም ግን መብቷ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ተነግሯል» አልኩት።

«እንግዲያው ቴሌቪዥኑ ያክማት!» ብሎ ሳቀ።

ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም። አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ዘበኛው ተቆጣን፣ ቆይቶም ለመነን፤ አልተነሳንም። ቤት ስንጠፋ ፍለጋ የወጡት ጋሼ ደምሴ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሲገቡ፣ አለቀልን ብለን ተሸማቀቅን። ነገሩን ጠየቁን፣ ነገርናቸው። «እስቲ ጠጋ በሉ» ብለው አጠገባችን ተቀመጡ።

መሸትሸት ሲል አንዲት በዕድሜ የገፉ ነርስ የእኛንና የዘበኛውን ጭቅጭቅ ሰምተው ወጡ። የጫልቱን አገጭ ይዘው ጆሮዋን አዩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው «ካርድ አውጣላት» አሉ። «ወረቀቱን ጆሮዋ ከዳነ በኋላ ትፈልገዋለህ።»

ሕክምናው ብዙ ሳምንት ፈጀ፤ ተራ እየገባን አመላለስናት። ቀኝ ጆሮዋ ተረፈ፤ ግራው ጠፋ። ትንሽ ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ አሉ ሐኪሞቹ። ቀደም ብላማ መጥታ ነበር! እናቷ ሁለት ጊዜ አዝለዋት ቢመጡ ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል።

ይህን ስተርክ «የልጅነት ነገር» ብለው የሚስቁ አሉ። አልቀበልም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ትክክል ስለመሆኑ ቅንጣት የማልጠራጠረው ያንን ነው። ዛሬ የጤና መድን አለ፤ ደግ ነው፣ እሰየው፤ ግን የታመመ ልጅ አቅፋ ማህተም ጎደለሽ የተባለች እናት ዛሬም አያለሁ፣ «ሥርዓት ነው» የሚሉኝንም እከራከራለሁ። የጋሼ ደምሴ ቤት ፈርሶ ፎቅ በቅሎበታል፤ እሳቸውም አርፈዋል። አሁን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ስልክ ይዞ ጥግ ጥጉን ተቀምጧል። ያች ሐኪም ዛሬ ብትናገር፣ ማን ዞሮ ማንን ያያል?

ጫልቱ አሁን ቀራንዮ አካባቢ ትኖራለች፤ የልጆች እናት ናት። በቅርቡ አብረን ስንሄድ ረስቼ በግራዋ በኩል ብዙ አወራሁ፤ ዝም ስትለኝ ገባኝና ይቅርታ ጠየቅኳት። ክንዴን ይዛ ወደ ቀኟ አዞረችኝ።

«ግራውን እነሱ ወሰዱት» አለችኝ። «ቀኙን ግን አልሰጠናቸውም።»