ከእናቱ ጎን በአንድ ሶፍ

ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ እናቱም የመታጫ ሻሽ ይዘው መጥተው በገዛ እጃቸው ራሴ ላይ ካሰሩልኝ በኋላ ነው ሰውየው ሐሳቡን የቀየረው። ለሥራ አዳማ ሄደ፣ እዚያ ሌላ ወደደ። ከዚያ ስልክ ደውሎ «ቀደር ነው፣ አላህ አላለውም» አለኝ። እስኪ ተመልከቱልኝ! እሱ ልቡ ሲሸፍት ጥፋቱ ወደ ላይ! ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዘጋሁ በኋላ ግን፣ ወላሂ፣ ሱቃችን ውስጥ የጨርቅ ጥቅልል ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አምቦ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይደበቅም። ከአክስቴ ጋር ጨርቅ የምንሸጥበት ሱቅ ገበያው አጠገብ ስለሆነ ያልሰማ ሁሉ «ኒካው መቼ ነው?» ይለኛል፤ የሰማው ደግሞ ሊያጽናናኝ ይመጣል። ጎረቤታችን ነርሷ «ቸርች ጸልየንልሻል፣ ጌታ የተሻለ አዘጋጅቶልሻል» አለችኝ። ወፍጮ ቤት ያላቸው ሴትዮ «ፍል ውኃ ግቢና ታጠቢው፣ ከላይሽ ይወርዳል» ብለው መከሩኝ። ገባሁ። ቆዳዬ ለሰለሰ፤ እሱ አልወረደም።

የቀረኝ መስገጃዬ ነበር። እሱም ላይ ቢሆን የማደርገው ጉድ ነው። ሱጁድ ወርጄ፣ ግንባሬ መሬት ነክቶ፣ መጀመሪያ «ያ አላህ፣ መልሰው» እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ «አይ፣ ይመለስና እኔ እምቢ ልበለው» እላለሁ። ሲብስብኝማ «የሷም ወጥ በየቀኑ ይረርባት» እስከማለት ደርሻለሁ። አንድ ቀን አክስቴ በር ላይ ቆማ ሰማችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዱዓ ነው ወይስ ክስ?»

«ሁለቱም» አልኳት፣ ንፍጤን እየጠረግሁ።

«እንግዲህ አላህ ሁሉንም ይሰማል፤ ንገሪው። ግን ብቻሽን አትስገጂ። ሰው መሃል ስትሆኚ ቢያንስ ታፍሪያለሽ።»

እውነቷን ነበር፤ ችግሩ እናቱ ናቸው። የመስጂዳችን የሴቶች ክፍል አንድ ነው፣ እሳቸው ደግሞ የዓርብ ሶላት፣ ጁምዓ፣ አያመልጣቸውም። እሳቸውን ሳይ እሱን ነው የማየው፤ አፍንጫቸው እንኳ ቁርጥ የሱ። ስለዚህ ጁምዓን ተውኩና ረመዳን ሲገባ ለሴቶች ከሰዓት በኋላ ወደሚሰጠው ደርስ መሄድ ጀመርኩ። ትምህርታችንን ሰምተን፣ የዐስርን ሶላት በጀመዓ አብረን ሰግደን እንበተናለን። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ሁሉ ሴት ጋር አብሬ ስወርድና ስነሳ ደረቴ ቀለል ይለኝ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን ያው ክሴን እቀጥላለሁ።

አንድ ቀን ለሶላት ተሰልፈን ሶፍ ይዘን፣ ሊጀመር ነው የሚለው ጥሪ፣ ኢቃማው፣ ተደርጎ፣ በስተግራዬ የቆመችው ሴት ልጇ አለቀሰባትና ይዛው ወጣች። በባዶው ቦታ በኩል አሻግሬ ስመለከት ማንን ባይ ጥሩ ነው? እናቱን!

ሶፍ ላይ ክፍተት አይተውም፤ ሸይጧን ይገባበታል ይባላል። ትከሻ ከትከሻ፣ እግር ከእግር መግጠም አለበት። የሚጠጋው ደግሞ ዳር ያለው ነው፣ ወደ መሃል። መሃል እሳቸው፣ ዳር እኔ፤ ከእኔ ወዲያ ያሉት ሁሉ የእኔን እግር ይጠብቃሉ። ኢማሙ በድምፅ ማጉያው «ክፍተት ዝጉ» ይላሉ። ከጎኔ ያለችው በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ተጠጊ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል!» አለችኝ። በሆዴ «ሸይጧን ይግባ፣ ምን ቸገረኝ!» አልኩ። ወዲያው ግን ደነገጥኩ። አስተግፊሩላህ! ለሸይጧን ቦታ ይዤለት ልቁም? ያውም ለዚያ ሰውዬ ብዬ? እመር ብዬ ሄጄ ትከሻቸው ላይ ተለጠፍኩ።

ትከሻቸው ከስቶ ነበር፤ ደግሞም ይንቀጠቀጣል። ሱጁድ ስንወርድ ጉልበታቸው ቀጭ አለና «ዋይ» ሲሉ ሰማሁ። ግንባሬን ደፍቼ የተለመደውን ልጀምር ስል ከአፌ የወጣው «ያ አላህ፣ ጉልበታቸውን አሽርላቸው» ሆነ። በሁለተኛውም ሱጁድ እንደዚያው፣ በሦስተኛውም። እሱን አንዴም እንዳላነሳሁት የገባኝ ሶላቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ኢማሙ እንዳሰላመቱ ልሹለክ ስል እናቱ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሲከፋቸው ኦሮምኛው ይቀድማል። «ጁምዓ እንዳላገኝሽ ብዬ ቤቴ መስገድ ከጀመርኩ ስንት ጊዜዬ! ዛሬ ደርስ ላይ አትኖርም ብዬ ብመጣ፣ ይኸው። በምን ዓይኔ ልይሽ?»

«እኔም ጁምዓን የተውኩት እኮ ከእርስዎ ሸሽቼ ነው!» አልኳቸው።

ተያየን። ስንት ሳምንት ሙሉ የሴቶቹን ክፍል ለሌላ ትተን ሁለታችንም ቤታችን ተቀምጠናል ማለት ነው።

«እሱስ ሚስት አገኘ» አሉኝ እንባቸው እየወረደ። «አንቺም ባል አታጪም። ልጅ አገኘሁ ብዬ ለአገሩ ሁሉ አውርቼ ሜዳ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።» እኔ ደግሞ ጥሎ የሄደው እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር። እጃቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

እሳቸው ግን እጃቸውን አስለቅቀው ወደ ላይ ዘረጉና «አላህ ከልጄ የተሻለ…» ብለው ጀመሩ።

«አሚን!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሳይጨርሱ። ሴቱ ሁሉ ዞሮ አየን።

«ቆይ እስኪ ልጨርስ፣ ምነው ቸኮልሽ!» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። «ያም እኮ የእኔው ልጅ ነው።»

አፌን በሂጃቤ ይዤ በሳቅ ፈረስኩ፤ እሳቸውም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። የሱ ነገር ተነስቶ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቄ ሲያልቅ እሱ በተነሳ ቁጥር ደረቴን የሚወጋኝ ያ ውጋት እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።