ለለቅሶ ብለው የተነሱት ፎቶ

ፎቶ ቤቴ ጀርመን አገር፣ ቦከንሃይም በሚባል የከተማ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከላይፕሲገር ጎዳና ገባ ብሎ፣ በአንድ ጫማ ሰፊና በአንዲት ትንሽ ካፌ መካከል። በሥራ ቀን የማነሳው ሰው የማይወደውን ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ማመልከቻ። ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ሰርግ አነሳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ «አይሳቁ፣ አፍዎን ይግጠሙ» ስል ከርሜ ቅዳሜ «ኧረ ፈገግ በሉ» ብዬ እለምናለሁ።

ሙያውን ያስተማሩኝ እዚሁ ቤት ይሠሩ የነበሩ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ። ከእሳቸው ያልተማርኩት ነገር ቢኖር የእኛን ሰው ማንሳት ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ጠይም ሴት ስትቆም ካሜራው በልብሱ ይታለላል፤ ጥልፉ አንድ ሳይቀር ይወጣና ፊቷ ይጨልማል። መብራቱን ከየት በኩል እንደማመጣውና ምን ያህል እንደማለዝበው በራሴ ሙከራ ነው የደረስኩበት። ከዚያ ወዲህ ነው ሐበሻው ከከተማው ዳር ዳር፣ ከሽቫንሃይምም ከቦናመስም እየደወለ ለሰርጉ ይጠራኝ የጀመረው።

የማወራላችሁ እናት የመጡት የካቲት ውስጥ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ አንድ ጠዋት ነው። በቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ። ብዙ ዘመን በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቦናመስ ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ልጃቸው ገና ትንሽ ሳለች ስለሞቱ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ልጅቷ በሰኔ ልታገባ ነው፤ ፎቶውን የማነሳውም እኔ ነኝ።

የያዙትን ፌስታል ከፍተው ቀሚስና ነጠላ አወጡ።

«ለልጅዎ ሰርግ አስበው ነው?» አልኳቸው።

«ለእሱም ሊሆን ይችላል» አሉና ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ።

ለብሰው ሲወጡ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ነጠላቸውን አስተካከልኩላቸው። ተለቅ ብሎ፣ ከሩቅ የሚታይ ሆኖ እንዲወጣ ፈለጉ። የት ሊሰቅሉት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ መጠኑን ለማወቅ ብዬ ነው።

«እኔ አልሰቅለውም፤ ለለቅሶዬ ነው» አሉኝ።

ካሜራውን አስቀመጥኩት። እሳቸው ግን ገበያ ስለመሄድ የሚያወሩ ያህል ረጋ ብለው ቀጠሉ። በመጸው አብራቸው ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ስትሠራ የኖረች ጓደኛቸው ሞታለች። ልጆቿ ፎቶ ቢፈልጉ ቢያስፈልጉ ከመታወቂያዋ ሌላ ደህና አጡ፤ እሱኑ አስተልቀው ከሻማው አጠገብ አቆሙት። ጓደኛቸው ስትስቅ ቤት የምትሞላ ሴት ነበረች፤ ፎቶው ላይ ግን ጥፋት የተገኘባት ትመስላለች። ለቀስተኛው ያቺን የማያውቃትን ሴት እያየ ሲያለቅስ እሳቸው ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከሐሳባቸው አልወጣም። አሁን ደግሞ ሐኪሞቹ የልብዎ ቫልቭ መቀየር አለበት፣ ደረትዎ ይከፈታል ብለዋቸዋል። ቀኑም ተይዟል። በዚህ ዕድሜ ቀላል እንደማይሆን፣ መተዉም የባሰ እንደሆነ ሳይደብቁ ነግረዋቸዋል።

«ልጅዎ ምን አለች?»

«አታውቅም። ለምርመራ ነው የምተኛው ብያታለሁ። ካወቀች ሰርጉን ታቆመዋለች።» ከዚያ ቀጥ ብለው አዩኝ። «ከተኛሁበት ካልተነሳሁ ፎቶውን ለእሷ ስጪልኝ። እናትሽ ሰርጉ እንዳይቀር ብላለች በይልኝ።»

ሞት የፈራ ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ሲለምን እንዴት እምቢ እንደሚባል አላውቅም። እሺ አልኳቸው።

ማንሳት ስጀምር ፊታቸው ድርቅ አለ። መታወቂያ ላይ እንዳለችው ጓደኛቸው ሊሆኑ ነው ብዬ ሰጋሁና ስለ እሷ ጠየቅኳቸው፤ ምንድን ነበር እንዲያ የሚያስቃት? ትንሽ አሰቡ። አንድ ቀን ጓደኛቸው ደክሟት፣ ከማሽን የወጣ ትኩስ አንሶላ የሞላው ባለ ጎማ ቅርጫት ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል። ሠራተኛው ሳያያት እየገፋ በሊፍት ያወጣትና በሽተኞቹ ክፍል ድረስ ይወስዳታል። ነርሷ አንሶላውን ብትገልጥ እሷ ዓይኗን ከፍታ «ደህና አደርሽ» አለቻት። ይህን ሲሉኝ እሳቸው ራሳቸው በሳቅ ፈነዱ። ያኔ ነው ያነሳኋቸው።

ፎቶውን ላሳያቸው ብል አላይም አሉ። አንቺ ምረጪ ብለውኝ፣ ልብሳቸውን ቀይረው ሄዱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጅቷ መጣች። ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ነበራት፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የት የት እንደማነሳቸው ልንነጋገር። ያ ፎቶ ታትሞ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሷ ክርኗን ከመሳቢያው በላይ ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ስለ ማይን ወንዝ ዳር፣ ስለ አበቦቹ ቀለም ታወራለች። ድንገት ወሬውን ቀየረች። እናቷ ሰሞኑን ደህና እንዳልሆነች ነገረችኝ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በጀርመንኛ። የአንገቷን ወርቅ ለሰርጉ ሳይሆን አሁኑኑ ውሰጂ ብላ ሰጥታታለች። ሳህኖቿን ለጎረቤት እያደለች ነው።

«ምን ሆነሽ ነው ስላት ‹አሌስ ጉት› ትለኛለች» አለች፤ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው። «በጀርመንኛ! እኔ በጀርመንኛ ስመልስላት እንኳ በአማርኛ ካልሆነ መልስ የማትሰጠኝ ሴት።»

ከዚያ፣ በቤተ ክርስቲያን ስትገናኙ ያለችሽ ነገር የለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አፌ ላይ የመጣው «የለም» የሚለው ነበር፤ ግን አልወጣልኝም። እውነቱንም መናገር አልቻልኩም። ቁጭ አድርገሽ እሷኑ ጠይቂያት፣ እስክትነግርሽ ድረስ አትነሺ አልኳት። ትንሽ ትክ ብላ አየችኝና ኮቷን አንስታ ወጣች።

ቀኑን ሙሉ ሥራ እምቢ አለኝ። ለመታወቂያ የመጣ አንድ ተማሪ ደጋግሜ ሳነሳው ግራ ገባው። ሲመሽ በሩን ቆልፌ ቦናመስ የሚወስደውን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ኡ-ባኑን፣ ያዝኩ። ምን እንደምላቸው መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ደጃቸው ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ። በሩን ከፍተው ገና ፊቴን ሲያዩ፣

«ነገርሻት?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም፤ ግን ጠይቃኛለች። ከእንግዲህ ልደብቃት አልችልም፤ ልነግራትም የእኔ ቦታ አይደለም።»

ግቢ ብለው አስቀመጡኝ። ሳሎኑ ንጹሕ ነበር፤ ከመጠን ያለፈ ንጹሕ፣ ሰው ሊለቀው የተዘጋጀ ቤት ዓይነት። ያንን ሳይ ነው የመናገር ፍርሃቴ የለቀቀኝ።

«እማማ፣ ልጅዎ የሰርጓን ፎቶ ዕድሜዋን ሙሉ ነው የምታየው» አልኳቸው። «እርስዎ ኖሩበትም አልኖሩበትም፣ ባየችው ቁጥር ‹እናቴ ሆስፒታል ብቻዋን ስትገባ እኔ አበባ እመርጥ ነበር› ማለቷ አይቀርም። ይህንን እኔ በምንም መብራት ላስተካክለው አልችልም።»

በመስኮቱ በኩል ፊት ለፊት ያለውን ሕንጻ ሲያዩ ቆዩ። ተቆጡኝ ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«ብቻዬን መግባቱን እኔም ፈርቼዋለሁ» አሉ በቀስታ።

ከዚያ ስልካቸውን አነሱ። እጄን እንደያዙ ነው የደወሉት። «ልጄ» አሏት፤ «ዋሽቼሻለሁ። ነይ፣ ልንገርሽ።» በአማርኛ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣውን ድምፅ ብቻ እየሰሙ «እሺ፣ እሺ» ይሉ ነበር።

ልጅቷ ከእጮኛዋ ጋር በመኪና እየበረሩ መጡ። እኔ ሰላም ብያቸው ወጣሁ። ሊፍቱን ስጠብቅ መጀመሪያ ለቅሶ ሰማሁ፤ ቀጥሎ በጀርመንኛ ቁጣ፤ ቀጥሎ የእናትየው ድምፅ። ኋላ ልጅቷ እንደነገረችኝ እስከ ማግስቱ ድረስ ተቆጥታ ነበር። ሰርጉን አቆማለሁ ብላ ተነሳች፤ እናትየው ደግሞ ካቆምሽው አልታከምም አሉ። ስምምነቱ ላይ የደረሱት በእጮኛዋ ሽምግልና ነው፤ ሰርጉ አይነካም፣ እናትየውም ከእንግዲህ አንድም ነገር አይደብቁም። ልጅቷ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ሆስፒታል አብራቸው ገባች።

ኦፔራሲዮኑ የተደረገ ዕለት አንዲት እናት አራስ ልጇን ለማስነሳት አምጥታ ነበር። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ይተኛል፣ ደግሞ ያለቅሳል። እኔ ስልኬን ከካሜራው አጠገብ አድርጌ፣ የማነሳው ምን እንደሆነ ሳላውቅ አነሳ ነበር። ሲመሽ አጭር መልእክት ደረሰኝ፤ ኦፔራሲዮኑ አልቋል፣ ገና አልነቃችም ይላል። ያን ሌሊት እንዴት እንደነጋልኝ አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጅቷ ደወለች። መጀመሪያ በጀርመንኛ ነበር የምታወራው፤ ስለምታለቅስ አንዱንም ቃል መለየት አቃተኝ። ቀስ በይ አልኳት።

«ነቅታለች» አለች በአማርኛ። «አናግራኛለች። ርቦኛል ነው ያለችኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ መብራቱ ሁሉ እንደበራ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለፓስፖርት ፎቶ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ ደንግጦ ከጓዳ ውሃ ቀድቶ አመጣልኝ። መጥፎ ዜና ነው እንዴ አለኝ። ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው አልኩት። እንግዲያው ጊዜ አለኝ፣ ተረጋጊ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከየካቲት ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ሲወርድ በአካሌ ተሰማኝ፤ ሰውዬውን ሳነሳው እጄ ቀለለኝ።

እናትየው ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ፣ ከማገገሚያ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ግንቦት ውስጥ በልጃቸው ተደግፈው ፎቶ ቤት መጡ። ከስተዋል፤ ፊታቸው ላይ ግን ደም አለ። መሳቢያውን ከፍቼ ፎቶውን ሰጠኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ልጅቷም በትከሻቸው በኩል አየች፤ ለምን እንደተነሱት ታውቃለች።

«ይህቺ ሴት ሞት የምትጠብቅ አትመስልም» አሉ እናትየው።

ፎቶውን ላስቀምጥልዎ ወይ ብላቸው እምቢ አሉ። ኩሽናቸው ውስጥ ሊሰቅሉት አስበዋል።

«ለቀስተኛው እስኪመጣ ድረስ እኔ ልየው» አሉ። ልጅቷ ያኔ ሳቀች፤ አንገታቸውንም አቅፋ ሳመቻቸው።

የሰርጉ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ወንዙ ዳር ስንደርስ ሊዘንብ ነው ብለን ሁላችንም ሰማይ ሰማይ እናያለን። ሊዘንብ ሲል ተወው። የሙሽራው ወላጆች በአንድ በኩል፣ እናትየው በሌላ በኩል ቆሙ። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል፤ በመርፌ ቁልፍ ከኋላ አጥብቄላቸዋለሁ። በትር ይዘው ነበር፤ ለፎቶ ሲሆን ግን ለሙሽራው አጎት ሰጥተው የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

ወደ እኔ እዩ አልኩ። ሁሉም አየ፤ ሙሽራዋ ግን የምታየው እናቷን ነው። ደግሜ ጠራኋት፤ ዘወር ትልና ገና ቁልፉን ሳልጫን መልሳ ወደ እናቷ ትዞራለች። እናትየው «ወደዚያ እዪ እንጂ» እያሉ በክርናቸው ይጎስሟታል። ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ፤ ቀጥሎ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም መጣራቴን ተውኩና እንዳሉ አነሳኋቸው።

ሰርግ ላይ ስሠራ እህል አልቀምስም፤ እጄ ከካሜራው መለየት የለበትም ብዬ ነው። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ፣ ጭፈራው ሳይጀመር፣ እናትየው በእጃቸው ጠሩኝ። አንድ ነገር የፈለጉ መስሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ካሜራውን ከአንገቴ አውልቀው ወንበር ላይ አኖሩትና ጠቅልለው አጎረሱኝ። ሥራ ላይ ነኝ ለማለት አፌ ሞልቶ ነበር። ደገሙኝ፣ ሠለሱኝ። ሙሽሮቹ ለጭፈራ ሲነሱ ማንም ፎቶ የሚያነሳ አልነበረም፤ ሁለታችንም ቁጭ ብለን በዓይናችን አየናቸው።